በሴት መሸነፍ ለምን ያስፈራናል?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ያለውን የዶርም ሰዓት ሁላችንም እናውቀዋለን። የደብረ ታቦር ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጋቢው በብርድ ልብሱ ላይ ይደረባል። ግማሹ ለነገ ፈተና ያነባል፤ ግማሹ ደግሞ ኔትወርኩ ደህና ከሆነ አራት አራት ሆኖ ፐብጂ ይከፍታል። ባለፈው ሴሚስተር ከእነዚህ ምሽቶች በአንዱ ሦስት ሆነን ተቀምጠን አራተኛ ሰው ስላጣን ጨዋታው ራሱ አንድ ሰው መደበልን። አውሮፕላኑ ላይ ሳለን «ሰላም ነው? የት እንውረድ?» የሚል ድምፅ ሰማን። አማርኛ ነው፤ የሴት ድምፅ ነው።

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ ከመካከላችን አንዱ «ወጡን አውርደሽ ነው የመጣሽው?» አላት። ከዚያ «ስልኩን ለወንድምሽ መልሺለት» አለ። መልስ ስታጣለት ደግሞ እዚህ ልንጽፈው የማንችለውን፣ ክብሯን የሚነካ ስድብ ጨመረበት። እሷ ማይኳን ዘጋች፤ ከጨዋታው ግን አልወጣችም። ጥቂት ቆይቶ ተሳዳቢው ወንድማችን በጥይት ተመትቶ ወደቀ። እኛ ሁለታችን ሩቅ ነበርን። ጭስ ወርውራ በጭሱ ውስጥ ሮጣ የደረሰችለትና ያነሳችው እሷ ነበረች። «አመሰግናለሁ» አላለም። ከደቂቃዎች በኋላ በድጋሚ ተመታ፤ ከአራታችን መጀመሪያ የሞተው እሱ ሆነ። ጨዋታው ሲያልቅ ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሮ «በሴት ምክንያት ተበላን!» አለ። እሷ ምንም ሳትናገር ወጣች። እኛ ሁለታችን ደግሞ ሳቅን።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ስለዚያ ሳቅ ነው። ስለ ስድቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ለተሳዳቢው ወንድማችን በግል መክረን እናልፈው ነበር። የሳቅነው ግን እኛ ነን። ደግሞም ከቀናት በኋላ በተረጋጋ መንፈስ ስናስበው አንድ ጥያቄ አልለቀን አለ። ከሦስታችን በጨዋታው ደካማ የነበረው እሱ ነው። ስለ እሷ አለመቻል አብዝቶ የጮኸውም እሱ ነው። ይህ አጋጣሚ ነውን?

ደካማው ለምን ይጮኻል?

ለካስ ጥያቄውን ከእኛ በፊት የጠየቁ ሰዎች አሉ። ማይክል ካሱሞቪችና ጄፍሪ ኩዝኔኮፍ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳትመዋል። ጥናቱ የተካሄደው ሄሎ 3 በሚባል በቡድን ተሆኖ የሚተኮስበት የኦንላይን ጨዋታ ላይ ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። አንድ ተጫዋች እየተጫወተ ቀድሞ የተቀዱ ተራ ንግግሮችን ያሰማል፤ ሰላምታ፣ የሌላውን ጥሩ ተኩስ ማድነቅ፣ እንዲህ ያለውን። በአንዳንዱ ጨዋታ ድምፁ የወንድ ነው፣ በሌላው የሴት ነው፤ የሚባለው ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ ሌሎቹ ምን ብለው እንደመለሱ ይመዘገባል።

ያገኙት ውጤት ዶርማችን ውስጥ ካየነው ጋር ይገጥማል። ለሴቷ ድምፅ ክፉ መልስ ያበዙት በደረጃቸው ዝቅ ያሉና በጨዋታው ያልተሳካላቸው ወንዶች ነበሩ። ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው ለእሷ የተሻለ ቃል ነበራቸው። እነዚያው ደካማ ተጫዋቾች ግን ድምፁ የወንድ ሲሆን አንገታቸውን ደፍተው ይገዙ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ኩዝኔኮፍ ከሌላ ባልደረባው ጋር በዚሁ ጨዋታ ላይ በሠራው ጥናት ደግሞ የሴት ድምፅ ከወንድ ድምፅ ሦስት እጥፍ የሚሆን አሉታዊ ንግግር እንደገጠመው ታይቷል።

ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ይህ ነው፦ ወንዶች ብቻ በሚፎካከሩበት ቦታ ሴት ስትገባ የደረጃው መሰላል ይናጋል። ከላይ ያለው ብዙም አይሰጋም፤ አንድ እርከን ቢወርድ እንኳ ከሥሩ ብዙ ሰው አለ። ከታች ያለው ግን የመጨረሻ መጽናኛው «ቢያንስ ከሴት እሻላለሁ» የሚለው ነበር። እሷ ስታልፈው ያ መጽናኛ ይጠፋል። ስለዚህ ከመቅደሟ በፊት ሊያስወጣት ይሞክራል። ጥናቱ በአንድ ጨዋታ ላይ የተሠራ ስለሆነ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ የመጨረሻውን ቃል ተናገረ አንልም። እንደ መስታወት ግን ያገለግላል፤ ተመለከትንበት፣ የራሳችንን ፊት አየን።

መሰላሉ ከየት መጣ?

ፐብጂ የሚጫወት ሁሉ መሰላሉን ያውቀዋል። ከብሮንዝ ተነስቶ በሲልቨር፣ በጎልድ፣ በፕላቲኒየም፣ በዳይመንድና በክራውን በኩል እስከ ኤስና ኮንከረር ይወጣል። መቶ ሰው አንድ ደሴት ላይ ይወርዳል፤ በመጨረሻ የሚቆመው አንድ ቡድን ብቻ ነው። ቀድሞ የሞተ ነጥቡ ይቀነሳል። ስንት እንደገደልክ፣ ስንት ጊዜ እንደሞትክ ስምህን የነካ ሁሉ ያየዋል። ጨዋታው የተሠራው ሰው ደረጃውን እንዲወድና ደረጃውን እንዳያጣ እንዲፈራ ነው። ተመልሰን የምንገባውም በዚሁ ፍራቻ ነው።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በጨዋታው ላይ አንጫን። መሰላሉ አማርኛችን ውስጥ ቀድሞ ተተክሏል። ልጅ ሆነን ስናለቅስ «እንደ ሴት አታልቅስ» ተብለናል። ፈሪውን «ሴት» እንለዋለን። ደፋር ሴት ያየን እንደሆነ ደግሞ ልናመሰግናት ፈልገን «ወንድ ናት!» እንላለን። አስቡት፤ ጀግንነቷን ለመመስከር ሴትነቷን መንሳት አለብን። በዚህ ቋንቋ ያደገ ልጅ በሴት ሲሸነፍ የተሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ አይመስለውም፤ ወንድነቱ የተወሰደበት ይመስለዋል።

የደጋው ፉከራም አለ። ፉከራና ሽለላ የዚህ አገር ቅርስ ነው፤ እኛም ሰርግ ላይ ስንሰማው ደማችን ይሞቃል። የፉከራ ወጉ ግን ሠርቶ መፎከር ነበር። ሳይሠሩ የፎከሩትማ መቀለጃ ሆነው ቀርተዋል። ደብረ ታቦር የራስ አሊ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የቋራው ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ሸፍቶ ተነሳ። ከራስ አሊ እናት ከእቴጌ መነን ወገን የሆነ አንድ የጦር አለቃ «ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤው እመጣለሁ» ብሎ ፎከረ ይባላል። የካሳ እናት በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጠው ነበር ይባል ስለነበር ነው። በውጊያው የተሸነፈው ፎካሪው ሆነ፤ ካሳም ኮሶ አጠጣው እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ በዚያ ዘመን ጦር አስከትታ የዘመተችው እቴጌ መነን ራሷ ሴት ናት፤ የወሎው ኢማም ሊበን ልጅ። በዚህ ደጋ ሴት ከጦር ሜዳ መገኘቷ የዛሬ የስልክ ጨዋታ ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ወንዶች እርስ በርስ ሲጣሉ ስድቡ የሚያርፈው እዚያ በሌለች ሴት ላይ፣ በእናት ላይ ነው። ማይክ ከፍተን የምንሰማው የእናት ስድብ ሁሉ የዚሁ ቀጣይ ነው።

ፍርሃታችንንም በእውነት እንናገር። ዛሬ ግቢ ውስጥ ያለ ወንድ ተማሪ ብዙ የሚያስፈራው ነገር አለ። ከምርቃት በኋላ ሥራ ይገኝ አይገኝ አያውቅም። ቤተሰቡ ከወር ወር ቆጥቦ ይልክለታል፤ ያንን እያሰበ ያፍራል። ክልላችን ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በግጭት ውስጥ ስለቆየ መንገዱም ኔትወርኩም ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፤ ትምህርቱም ተንጓቷል። በዚህ ሁሉ መካከል «ከፍ አልክ» የሚለው ብቸኛ ነገር ስልኩ ላይ ያለው ደረጃ ሲሆን፣ ያችን ደረጃ አጥብቆ መያዙ አያስገርምም። ይህንን የምንለው ልናቃልለው አይደለም፤ እኛም የዚሁ ሕይወት ተካፋዮች ነን። ግን ምክንያት ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ሰበብ ማድረግ ሌላ ነው። እሷስ ሥራ አጥነት አያስፈራትም? መንገዱ ለእሷ ተከፍቶ ነበር? የእኛን ጭንቀት እሷም ተሸክማለች፤ በላዩ ላይ እኛን ጨመርንባት።

ተቀድመው የሳቁት ነብይ

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ እንመለስ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ጉዞ ላይ ባልደረቦቻቸውን ወደፊት እንዲሄዱ አድርገው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ ተወዳደሩ። ዓኢሻ ቀደሟቸው። ዓመታት አልፈው ሰውነታቸው ከከበደ በኋላ በሌላ ጉዞ በድጋሚ ተወዳደሩ፤ ያኔ ነብዩ ቀደሙና እየሳቁ የአሁኑ ለያኔው ምላሽ መሆኑን ነገሯቸው። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ኢማም አሕመድ ዘግበውታል።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንሰማው በኒካሕ ፕሮግራም ላይ ነው፤ ባል ለሚስቱ ጨዋታ አዋቂ ይሁን ለማለት። ጥሩ ትምህርት ነው። እስቲ ደግሞ የተሸናፊውን ቦታ እንየው። ሠራዊት የሚመሩ፣ አገር የሚያስተዳድሩ፣ ወሕይ የሚወርድላቸው ሰው ሴት ቀደመቻቸው። አልተቆጡም። «እግሬን አሞኝ ነው» አላሉም። ሩጫውን ከዚያ በኋላ አልከለከሉም። ይባስ ብለው በድጋሚ ጋበዟት፤ ያለፈውን ሽንፈታቸውንም በሳቅ ራሳቸው አነሱት። ታሪኩን የነገረችን ደግሞ አሸናፊዋ ራሷ ናት፤ ለማውራት አልፈራችም። ክብሩ ከአላህ የሆነ ሰው በሩጫ መቀደም ምኑን ይቀንስበታል?

ሁለተኛው ቡኻሪ የዘገቡት የግመሏ ታሪክ ነው። ዐድባእ የምትባለው የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመል ተቀድማ አታውቅም ነበር። አንድ የገጠር ዐረብ በወጣት ግመል መጥቶ ቀደማት። ሶሓቦቹን ከፋቸው፤ ፊታቸው ላይ ታወቀ። ነብዩ ግን በዱንያ ውስጥ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ዝቅ እንዲል ማድረግ የአላህ ሥራ መሆኑን አስተማሯቸው። ኮንከረርም ከዚህ አያልፍም። ሲዝኑ ሲያልቅ ደረጃችን ወደታች ተመልሶ እንደገና እንድንጀምር ይደረጋል። ለሁለት ወር ለምትቆይ ደረጃ ብለን የሰው ክብር ደፈርን ማለት ነው።

የእውነተኛ ጥንካሬን ትርጉምም ነግረውናል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ጠንካራ ማለት ሰውን በትግል የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ነፍሱን የሚገዛ ነው። ያን ምሽት በዚህ መለኪያ ብንመዘን፣ በቡድናችን ውስጥ ጠንካራዋ አንዷ ብቻ ነበረች፤ ተሰድባ የሰደባትን ያነሳችው።

«ጨዋታ ነው እኮ!»

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቻችን ስናነሳ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ «ጨዋታ ነው እኮ!» የሚል ነው። ጨዋታውስ ጨዋታ ነው፤ ጥይቱ የውሸት ነው፣ ሞቱም የውሸት ነው። ስድቡ ግን የእውነት ነው። እውነተኛ ምላስ ተናግሮታል፣ እውነተኛ ጆሮ ሰምቶታል። ሱረቱ ቃፍ 18ኛው አንቀጽ እያንዳንዷ ቃል ጠባቂና መዝጋቢ እንዳላት ሲያስተምረን ማይክ ላይ የተባለውን ለይቶ አላስቀረም።

ሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ሰው በሰው ላይ እንዳያላግጥ፣ በመጥፎ ስም እንዳይጠራራ ይከለክላል፤ የተላገጠበት ከላጋጩ ሊበልጥ እንደሚችልም ያስታውሳል። የሴትን ልጅ ንጽሕና የሚነካ ቃልማ ሌላ ክብደት አለው። በሱረቱን ኑር 4ኛው አንቀጽ ጥብቅ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው የሚቀጣው ሰማንያ ግርፋት ነው፤ ምስክርነቱም ተቀባይነት ያጣል። ፊቷን አይቶ በማያውቃት ልጅ ላይ፣ ጥይት ስለሳተ ብቻ፣ ያንን ቃል የሚወረውር ወንድም ከምን ጋር እየተጫወተ እንደሆነ ያውቃልን?

«እኛም ወንዶች እርስ በርስ እንሰዳደባለን፤ ለእሷ ምን የተለየ ነገር አለ?» የሚሉም አሉ። አንደኛ፣ እርስ በርስ መሰዳደባችንም ሐላል አይደለም። ሁለተኛ፣ ልዩነት አለው። ወንዱን «ኑብ» ብለን የምንሰድበው ስለ አጨዋወቱ ነው፤ ነገ ቢሻሻል ስድቡ ይቀራል። እሷን የምንሰድበው ስለ ሴትነቷ ነው፤ ብታሸንፍም አይቀርላትም። ደግሞም ካሸነፈች «ወንድሟ ነው የሚጫወትላት» ይባላል።

ከግቢያችን እህቶች አንዳንዶቹን ጠይቀን ነበር። በወንድ ስም አካውንት ከፍተው፣ ማይክ ሳይነኩ የሚጫወቱ አሉ። ሌሎቹ ትተውታል። አንዷ ያለችን ቃል ከሁሉም በላይ ከበደን፦ «እኔ ስድቡን ለምጄዋለሁ፤ የማይለመደው ሌሎቹ ዝም ማለታቸው ነው።»

ነገሩ በጨዋታ ብቻ አይቆምም። መቀመጫውን እንግሊዝ ያደረገው ሴንተር ፎር ኢንፎርሜሽን ሬዚሊየንስ የተባለ ድርጅት በአገራችን በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በኤክስ በሴቶች ላይ የሚሰነዘረውን ጥቃት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ አጥንቶ ነበር። ድርጅቱ ጥቃቱ ከመለመዱ የተነሳ ጥቃት መሆኑ እንኳ መታየት እንዳቆመ ገልጿል። በሌላው ዓለምም እ.ኤ.አ. በ2014 አኒታ ሳርኪሺያን የተባለች ጨዋታዎች ሴቶችን እንዴት እንደሚያሳዩ የምትተች ሴት በአሜሪካ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልታደርግ የነበረውን ንግግር ሰርዛለች፤ ከተናገረች ጅምላ ግድያ እንደሚፈጸም የሚዝት መልእክት ስለደረሰ ነው። «ጨዋታ ነው እኮ» እየተባለ የታለፈ ነገር ያደገው እስከዚያ ድረስ ነው። የአገራችንም ሕግ ቢሆን በ2012 በወጣው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ ጾታን መሠረት አድርጎ ሆን ተብሎ የሚነዛ ጥላቻን ከብሔርና ከሃይማኖት ጥላቻ ጋር አብሮ ከልክሏል።

«እሷስ እዚያ ምን ትሠራለች?»

ይህኛው ጥያቄ ከአንዳንድ ጠንቃቃ ወንድሞቻችን የሚመጣ ስለሆነ በአክብሮት እንመልሰው። ሴት ልጅ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር በማይክ እያወራች መጫወቷ ተገቢ ነው ወይ? ወንዱስ ከማያውቃት ሴት ጋር? ሰዓቱስ፣ ሶላቱስ፣ ጥናቱስ? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓሊሞቻችንን እንጠይቅባቸው፤ መልሱም ለሁለታችንም እኩል ይድረስ። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ያን ምሽት የሰደባት ወንድማችን ይህን ጥያቄ አልጠየቀም። ስለ ሐያእ አልመከራትም፤ በሐያእ የሚመክር ሰው ሐያእ የሌለው ቃል አይናገርም። ሃይማኖታችንን ያስታወሰነው ከስድቡ በኋላ ነው፤ ስድቡን ለመሸፈን። የእሷ መገኘት ስሕተት ነው ቢባል እንኳ፣ ስሕተት ሠርታለች የሚባል ሰው ስድብ ሐላል የሚሆንበት መዝሀብ የለም።

«ይህ የፈረንጅ ፌሚኒዝም ነው» የሚለንም አይጠፋም። እስቲ ቡኻሪ የዘገቡትን የአቡ ዘርን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። አቡ ዘር አንድን ሰው በእናቱ ሰደቡት። ብዙ ዓሊሞች ሰውየው የኛው ሐበሻ ቢላል (ረ.ዐ) እንደነበሩ ይናገራሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ አቡ ዘር የጃሂሊያ ርዝራዥ እንዳለባቸው ገሠጹ። ከቀደምት ሙስሊሞች አንዱ የሆኑ ታላቅ ሶሓባ! እሳቸውም «ቀልዴን ነው» አላሉም፤ ከዚያ በኋላ አገልጋያቸውን ከራሳቸው ጋር አንድ ዓይነት ልብስ እስከ ማልበስ ድረስ ተለወጡ። ይህ ትምህርት ከየትም የተዋስነው አይደለም፤ የተሰደቡት የእኛ አገር ሰው እናት ናቸው፣ የተገሠጸውም በመዲና ነው።

የማናውቃት ባለ ሐቅ

በመጨረሻ፣ እንቅልፍ የነሳንን ነገር እንንገራችሁ። ሙስሊም የዘገቡት የሙፍሊሱ ሐዲስ አለ። በቂያማ ቀን ሶላት፣ ፆምና ዘካ ይዞ ይመጣል፤ ግን ይህንን ሰድቧል፣ ያኛውን ስም አጥፍቷል። ከምንዳው ለእያንዳንዱ ተበዳይ ይከፈላል፤ ምንዳው ሲያልቅ የእነሱ ወንጀል በእሱ ላይ ይጫናል። ኪሳራ ማለት ይህ ነው።

እኛ ያን ምሽት ዒሻን በጀመዓ ሰግደን ነበር የመጣነው። ምናልባት ያቺ ሶላት ዛሬ የእኛ አይደለችም። ምናልባት ስሟን ለማናውቃት፣ ከተማዋን ለማናውቃት፣ ሃይማኖቷን እንኳ ለማናውቃት ልጅ ተጽፋለች። የሰው ሐቅ ያለበት ተውባ ባለቤቱን ይቅርታ መጠየቅ ይፈልጋል። የት እናግኛት? የመጫወቻ ስሟን እንኳ አላስታወስነውም። የቀረልን ለእሷ ዱዓ ማድረግ፣ ኢስቲግፋር ማብዛትና ዳግመኛ አለመመለስ ነው።

ስለዚህ እኛ ሦስታችን ለራሳችን ቃል ገብተናል፤ የሰደበውም ወንድማችን ይህን ጽሑፍ አብሮን አንብቦ «ይውጣ» ያለው እሱ ነው። ለእናንተም እንጋራችሁ።

ማንም በቡድናችን ውስጥ ሴትን በሴትነቷ ከሰደበ ወዲያውኑ «ተው» እንለዋለን። በኋላ በግል ሳይሆን እዚያው፣ እሷ እየሰማች፤ ስድቡን የሰማችው በአደባባይ ነውና። የማናውቀው ሰው ከሆነና ካልተወ ድምፁን እንዘጋለን፣ ለጨዋታው አስተዳዳሪዎችም ሪፖርት እናደርጋለን፤ ቁልፏ ከሁለት ንክኪ አትበልጥም። በሴት ስንሸነፍ ለማንኛውም አሸናፊ የምንለውን እንላለን፤ «ጥሩ ተጫውተሻል»፣ በቃ። «እንደ ሴት» የሚለውን ስድብም ከአፋችን እናወጣዋለን፤ በዶርምም፣ በኳስ ሜዳም፣ በፕሌይስቴሽን ቤትም። አዛን ሲሰማ ደግሞ ስልኩ ይቀመጣል፤ ደረጃው ቢቀነስም ይቀነስ። ደረጃ መውደቁን መልመድ ከዚያ ይጀምራል።

ለጀመዓችን አመራሮችም አንድ ሐሳብ አለን። የአኽላቅ ደርሶቻችን ስለ ምላስ ብዙ ያስተምራሉ፤ ስለ ማይክና ስለ ኮሜንት ግን እምብዛም አይነኩም። ወጣቱ ምላሱን አብዝቶ የሚጠቀምበት ቦታ ዛሬ እዚያ ነው። አንድ ደርስ ለዚህ ይሰጥ። እህቶችም ያዩትን እንዲናገሩ ቦታ ይኑራቸው፤ እኛም ሳናቋርጥ እናዳምጥ።

ውድ ወንድሞች፣ ሽንፈት የሚያስፈራው ክብሩን ከሰው እጅ የሚጠብቅን ሰው ነው። ክብር የአላህ ነው፤ ለሚሻው ይሰጣል፣ ከሚሻው ይነሳል። በእሱ የተከበረን ሰው አንዲት እህት በስልክ ጨዋታ ብታሸንፈው ምንም አይጎድልበትም። ቢጎድልበት ደግሞ ቀድሞውኑ አልነበረውም ማለት ነው።

ያ ረብ! ምላሳችንን ጠብቅልን። ያላግባብ የነካናትን ያቺን እህት አንተ ታውቃታለህ፤ ከእኛ የተሻለ ሰው ጋር አጫውታት፣ ልቧን ጠግን፣ እኛንም ይቅር በለን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።